ከማታውቁት ኮድ ውስጥ የሚጠቅማችሁን ፈንክሽን እንዴት ታገኛላችሁ? በደሴ ቅሬ መዝገብ ምሳሌ

ደሴ ውስጥ ለአንድ ቅሬ (በሌላው አገር ዕድር የሚባለው) የመዋጮ መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም ልትሠሩ ነው እንበል። ጸሐፊው ቀን የሚያስገቡት በእኛው አቆጣጠር ነው፤ መስከረም 5፣ ጥቅምት 5 እያሉ። ዳታቤዙ የሚያውቀው ደግሞ የፈረንጁን ቀን ብቻ ነው። ቅሬው የወሎ ቅሬ ስለሆነ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አባል ነው፤ ስብሰባ በዒድ ቀን እንዳይጠራ የሂጅራውንም ቀን አስቀድሞ ማየት ይፈለጋል። ይህን ሁሉ የሚያሰላ ኮድ ከባዶ ተነሥቶ መጻፍ ይቻላል። ነገር ግን ሌሎች ከዓመታት በፊት ጽፈው፣ ፈትሸው፣ ማንም እንዲጠቀምበት ፈቅደው አስቀምጠውታል። ችግሩ ያስቀመጡት በሺዎች በሚቆጠሩ ፋይሎች መካከል መሆኑ ነው።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር እነዚያን ፋይሎች ሁሉ ሳያነቡ የተፈለገውን ፈንክሽን ለማውጣት ነው። የጻፍኩት ፕሮግራም መጻፍ ለጀመረ ሰው፣ ለምሳሌ በኮምቦልቻ ወይም በወልድያ ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ላይ ላለ የኮምፒውተር ተማሪ ነው። ምሳሌ ያደረግኩት አይሲዩ የተባለውን ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች የሚገለገሉበትን የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ ነው። ይህ ላይብረሪ በዩኒኮድ ኮንሶርቲየም ሥር የሚዘጋጅ ኦፕን ሶርስ ሥራ ሲሆን አንድሮይድ፣ ክሮምና ሊብሬኦፊስ ቀንን፣ ቁጥርንና ፊደልን በየአገሩ ልማድ ለማሳየት ይገለገሉበታል። ትእዛዞቹንና የፋይል ስሞቹን በአነባበባቸው በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ፤ ስትተይቡ ግን በላቲን ፊደል ነው።

1. የምትፈልጉትን ወረቀት ላይ ጻፉ

ኤዲተር ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «ፈንክሽኑ የኢትዮጵያን ዓመት፣ ወርና ቀን ይቀበላል፤ የፈረንጁን ቀን ይመልሳል።» የሚቀበለውና የሚመልሰው ካልታወቀ ፍለጋው ማለቂያ የለውም። «ስለ ቀን መቁጠሪያ የሆነ ነገር» እያለ ኮድ የሚያገላብጥ ሰው ሲመሽ ብዙ አንብቦ ባዶ እጁን ይነሣል።

ከዓረፍተ ነገሩ ሥር በጉዳዩ ላይ የምታውቋቸውን ቃላትና ቁጥሮች ዘርዝሩ። ቃላትን ሁሉም ይዘረዝራል፤ ቁጥሮችን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። እኔ ከቃል ይልቅ በቁጥር አምናለሁ። ቃልን ፕሮግራመሩ ደስ እንዳለው ያሳጥረዋል፣ በሌላ ይተካዋል። ቁጥርን ግን ስሌቱ አያስነካውም። የእኛ ወር 30 ቀን ነው፤ ወሮቹ ከነጳጉሜን 13 ናቸው። ዘመነ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስና ዮሐንስ አንድ ላይ ሲደመሩ 1461 ቀን ይሆናሉ፤ 365 በ4 ተባዝቶ የሉቃስ ጳጉሜን ስድስተኛ ቀን ሲታከልበት ማለት ነው። በዓመተ ዓለምና በዓመተ ምሕረት መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ 5500 ነው። 30 እና 13 በየትኛውም ኮድ ውስጥ ሞልተዋል፤ ለፍለጋ አይረዱም። 1461 እና 5500 ግን ብርቅ ናቸው። ባሕረ ሐሳብ የተማረ የቤተ ክርስቲያን ሰው በዚህ ፍለጋ የኮምፒውተር ሳይንስ ምሩቁን ቢቀድመው አይግረማችሁ፤ የሚፈልገውን ያውቀዋልና።

ዝርዝሩ ላይ ዘመድ የሆኑ ቃላትንም ጨምሩ። የግብጽ ኮፕቶች አቆጣጠር ከእኛ ጋር አንድ ዓይነት አሠራር አለው፤ የሚለየው የዓመቱ መነሻና የወሮቹ ስም ነው። ስለዚህ ብልህ ፕሮግራመር ሁለቱን በአንድ ኮድ እንደሚሠራቸው መገመት ይቻላል። «ኮፕቲክ» የሚለው ቃል በዝርዝሩ ውስጥ ቢገባ ዋጋ አለው፤ ይህን ወደ ኋላ ታዩታላችሁ።

2. መጀመሪያውኑ እጃችሁ ላይ እንደሌለ አረጋግጡ

የምትጽፉበት ቋንቋ ራሱ ይዞት ሊሆን ይችላል። በጃቫስክሪፕት የምትሠሩ ከሆነ ኢንትል ዴትታይምፎርማት የተባለው መሣሪያ የፈረንጁን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፎ ያሳያል። የሚሠራው ግን በአንድ አቅጣጫ ነው፤ የቅሬው ጸሐፊ ያስገቡትን መስከረም 5 ወደ ፈረንጁ አይመልስም። ጃቫ ከነባር የጊዜ ላይብረሪው ጋር የታይላንድን፣ የጃፓንን፣ የታይዋንንና የሂጅራን አቆጣጠር ይዞ ይመጣል፤ የእኛን አልያዘም። ይህን ካወቃችሁ በኋላ ወደ ሌሎች ኮድ መሻገር ትችላላችሁ።

3. ኮዱን አውርዱ

በድረ ገጽ ላይ ሆኖ ኮድ መፈለግ ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክረውም። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ሐሳብም አብሮ ይቆራረጣል። አንድ ጊዜ ካወረዳችሁት መብራት ቢጠፋ እንኳ የላፕቶፑ ባትሪ እስካለ ድረስ ፍለጋው አይቋረጥም።

አይሲዩ ትልቅ ሪፖዚተሪ (ጊት በተባለ መሣሪያ ከለውጥ ታሪኩ ጋር የሚቀመጥ የኮድ ማኅደር) ነው፤ ሙሉውን ከነታሪኩ ማውረድ የሞባይል ዳታችሁን ይጨርሰዋል። «ጊት ክሎን» ስትሉ «ዴፕዝ 1» የሚለውን ምርጫ ጨምሩበት። ያን ጊዜ የሚወርደው የዛሬው ኮድ ብቻ ነው፤ የቀድሞዎቹ ለውጦች ይቀራሉ። ለአብዛኛው ፍለጋ ይህ በቂ ነው። የኮዱን ታሪክ የሚጠይቅ ሥራ ሲመጣ ግን ይህ ቅጂ አይረዳችሁም፤ ያን ጊዜ ታሪኩን በሌሊት የዳታ ጥቅል ማሟላት ነው።

ካወረዳችሁ በኋላ ኮዱን ለመገንባት፣ ማለትም ወደሚሠራ ፕሮግራም ለመለወጥ አትቸኩሉ። ኮድ ለማንበብ መገንባት አያስፈልግም። ብዙ ጀማሪዎች ገና ከመግቢያው የመገንቢያ ስሕተት ሲያርሙ ውለው ፍለጋውን ሳይጀምሩት ይሰለቻሉ።

4. ፎልደሮቹን እዩ፤ ፋይል ግን አትክፈቱ

ሰኞ ባቲ ገበያ የገባ ሰው ግመል ሊገዛ የእህሉን ተራ አያዳርስም፤ መጀመሪያ የትኛው ተራ የት እንደሆነ ያያል። እዚህም እንደዚያው ነው። አይሲዩን ስትከፍቱ ሁለት ትልልቅ ክፍሎች ታገኛላችሁ፦ ለሲና ለሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈው አይሲዩ4ሲ፣ ለጃቫ የተጻፈው አይሲዩ4ጄ። በመጀመሪያው ውስጥ «ሶርስ» የሚል ፎልደር አለ። በዚያ ሥር «ኮመን» የፊደልና የጽሑፍ መሠረታዊ ነገሮችን ይይዛል፤ «አይ18ኤን» የቀን፣ የቁጥርና የፊደል ተራ ስሌቶችን ይይዛል፤ «ዳታ» የየቋንቋውን ስሞች፣ «ቴስት» ደግሞ መፈተሻዎቹን። የእኛ ጉዳይ ስሌት ነው፤ ስለዚህ ማረፊያችን «አይ18ኤን» ነው። ይህን ለማወቅ የሚጠፋው ጊዜ ሻይ ከሚጠጣበት አይበልጥም፤ ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ ፍለጋ ይቀልላል።

5. ፈልጉ

ዋናው መሣሪያ «ጊት ግሬፕ» ነው። በሪፖዚተሪው ውስጥ ባሉት ፋይሎች ሁሉ ገብቶ ቃሉ ያለበትን መስመር ያወጣል። አራት ምርጫዎቹን ብቻ ብታውቁ ይበቃል፦ ሰረዝ ኤን የመስመሩን ቁጥር ይጨምራል፤ ሰረዝ አይ ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል አይለይም፤ ሰረዝ ኤል መስመሩን ትቶ የፋይሉን ስም ብቻ ይሰጣል፤ ሰረዝ ትልቁ ደብልዩ ቃሉ የተገኘበትን ፈንክሽን ሙሉውን ያሳያል።

የመጀመሪያው ፍለጋ በአማርኛ ይሁን። «መስከረም» ብላችሁ በፊደላችን ፈልጉ። አይሲዩ የአማርኛን የወር ስሞች በ«ዳታ» ፎልደር ውስጥ ኤኤም በሚል ስም በተቀመጠ ፋይል ስለያዘ ውጤት ይሰጣችኋል። መስመሩ ካለበት ትንሽ ወደ ላይ ብትወጡ የቀን መቁጠሪያውን የኮድ ስም ታገኛላችሁ፦ «ኢትዮፒክ»። ኮዱ «ኢትዮፒያን» አይልም፣ «አቢሲኒያን» አይልም፤ ከአሁን በኋላ የምትፈልጉት ይህንኑ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በአማርኛ ስትፈልጉ ሞክሼ ፊደል የሌለበትን ቃል ምረጡ። ኅዳርን አንዱ በብዙኃኑ ኅ፣ ሌላው በሃሌታው ህ ይጽፈዋል፤ ታኅሣሥ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። ኮምፒውተሩ እነዚህን እንደ አንድ አያይም። ጥቅምት ግን ሞክሼ የለበትም፤ የመስከረም ስ ሞክሼ ቢኖራትም የሚጽፋት ሁሉ በአንድ መንገድ ነው የሚጽፋት ማለት ይቻላል።

አሁን «ኢትዮፒክ» ብላችሁ በሰረዝ አይና በሰረዝ ኤል ፈልጉ። የሚወጣው የፋይል ዝርዝር ያስደነግጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በ«ዳታ» ውስጥ ያለው የብዙ ቋንቋ ፋይል የእኛን አቆጣጠር ስም በየራሱ ቋንቋ ይዞታል፤ በ«ኮመን» ውስጥ ደግሞ ፊደላችን ራሱ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ውጤት ሲበዛ ቃሉን አትለውጡ፤ ቦታውን አጥብቡ። በትእዛዙ መጨረሻ «አይ18ኤን» ያለበትን መንገድ ስትጨምሩ ዝርዝሩ ወደ ጥቂት ፋይሎች ይወርዳል።

ከእነዚህ አንዱ ስሙ ኢ፣ ቲ፣ ኤች፣ ፒ፣ ሲ፣ ሲ፣ ኤ፣ ኤል በሚሉ ፊደላት የተጻፈ ነው። ከአናባቢዎቹ አብዛኞቹ ተቆርጠው የቀሩት እነዚህ ናቸው፤ የድሮ ፕሮግራመሮች የፋይል ስም በስምንት ፊደል መወሰን ልማዳቸው ነበር። በፋይል ስም ብቻ ብትፈልጉ ኖሮ አታገኙትም ነበር። ለዚህ ነው ሁልጊዜ በይዘት ፈልጉ የምለው።

ቀጥሎ ቁጥሮቹን ሞክሩ። 5500 ብላችሁ በዚያው ፎልደር ስትፈልጉ ከሚወጡት መስመሮች አንዱ በላቲን «አመተ ምሕረት ዴልታ» የሚል ቋሚ ቁጥር ነው። የእኛው የአበው ቁጥር፣ የእኛው ቃል፣ በሌላ አገር ሰው እጅ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። 1461 ስትሉ ደግሞ ሁለት ዓይነት ቦታ ይወጣል። አንደኛው የጎርጎርዮሳዊው ስሌት ነው፤ እዚያም የአራት ዓመት ዙር አለ። ሁለተኛው ሲኢካል የተባለ ፋይል ነው። ሲ ለኮፕቲክ፣ ኢ ለኢትዮፒክ ነው። ሁለቱ በአንድ ኮድ ይሠሩ ይሆናል ብለን የገመትነው ልክ ሆነ፤ ስሌቱ ያለው ኢትዮፒክ በሚለው ፋይል ውስጥ ሳይሆን ሁለቱ በሚጋሩት በዚህ ፋይል ውስጥ ነው።

6. ቴስቱን ከፈንክሽኑ በፊት አንብቡ

መመሪያ መጽሐፍ ያረጃል፤ ኮዱ ውስጥ የተጻፈ ማብራሪያም ይረሳል። ቴስት ግን ኮዱ በተለወጠ ቁጥር ስለሚሮጥ ሊዋሽ አይችልም። በአይሲዩ የጃቫ ክፍል ኢትዮፒክቴስት የሚባል ፋይል አለ፤ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ብቻ የሚፈትሽ ነው። እሱን ስታነቡ ክላሱ እንዴት እንደሚፈጠር፣ ዓመትና ወር በምን ቅደም ተከተል እንደሚሰጥ፣ ምን እንደሚጠበቅ ታያላችሁ። ከዚያ ቆርጣችሁ ወደ ራሳችሁ ፕሮግራም የምትወስዱት ሦስት አራት መስመር አይጠፋም።

7. አሁን ፈንክሽኑን አንብቡ

ሲኢካል ውስጥ ሁለት ፈንክሽኖች ዋናዎቹ ናቸው። ሲኢቱጄዲ የእኛን ዓመት፣ ወርና ቀን ተቀብሎ የጁልያን ቀን ቁጥር ይመልሳል፤ ጄዲቱሲኢ ደግሞ በተቃራኒው ይሠራል። የጁልያን ቀን ቁጥር ማለት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4713 ዓመት ጥር ወር ጀምሮ ያለ ማቋረጥ የሚቆጠር የቀን ብዛት ነው። አይሲዩ ማንኛውንም አቆጣጠር ወደ ማንኛውም ሲቀይር በዚህ ቁጥር በኩል ያልፋል። ስለዚህ «ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ» የሚል ፈንክሽን ብትፈልጉ ኖሮ አታገኙም ነበር፤ ሥራው ለሁለት ተከፍሏል። በትልልቅ ኮድ ውስጥ ይህ የተለመደ ነው፤ የምትፈልጉት አንድ ፈንክሽን ሳይሆን የሁለት ፈንክሽኖች ጥንድ ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው ፈንክሽን ስሌት ከድምር የሚያልፍ አይደለም፦ መነሻው 1723856፣ ሲደመር ዓመቱ በ365 ተባዝቶ፣ ሲደመር ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ያለ ቀሪ፣ ሲደመር ወሩ በ30 ተባዝቶ፣ ሲደመር ቀኑ፣ ሲቀነስ 1። በወረቀት እንሞክረው። መስከረም 1 ቀን 2000፣ ሚሌኒየማችን የገባበት ዕለት፦ 1723856 ሲደመር 730000 ሲደመር 500 ሲደመር 0 ሲደመር 1 ሲቀነስ 1፤ ውጤቱ 2454356። ይህ ቁጥር በፈረንጁ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው። ልክ ነው።

ለመስከረም የደመርነው 0 መሆኑን አያችሁ? ይህ የብዙ ሰው እግር የሚያዝበት ወጥመድ ነው። በዚህ ኮድ ወር የሚቆጠረው ከ0 ጀምሮ ነው፤ መስከረም 0፣ ጳጉሜን 12። ቀን ግን ከ1 ይጀምራል። የቅሬው ጸሐፊ «ወር 1» ብለው ካስገቡና እናንተ እንዳለ ካሳለፋችሁት የመስከረም መዋጮ ሁሉ ጥቅምት ላይ ይመዘገባል። ቁጥሩ ትክክል መስሎ ስለሚታይ ማንም አይነቃም፤ ዓመቱ ሲያልቅ ሒሳቡ አልገጥም ሲል ጠብ ይመጣል።

ሁለተኛው ፈንክሽን ላይ አንድ ለየት ያለ መስመር አለ። ቀኖቹን ለ1461 ያካፍልና ቀሪው 1460 ከሆነ ለብቻው ያስተናግደዋል። ለምን? ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን ውሰዱ። የጁልያን ቁጥሩ 2460199 ነው። መነሻውን ስትቀንሱ 736343 ይቀራል፤ ለ1461 ሲካፈል 503 ጊዜ ደርሶ ቀሪው በትክክል 1460 ይሆናል። ያች ቀሪ የሉቃስ ጳጉሜን ስድስተኛ ቀን ናት። ያ መስመር ባይኖር ኖሮ ዕለቷ የሚቀጥለው ዓመት መስከረም 1 ሆና ትቆጠር ነበር። ኮድ ስታነቡ እንዲህ ለብቻቸው የተያዙ ጉዳዮችን ፈልጉ። ጸሐፊው የተቸገረው እዚያ ላይ ነው፤ እናንተም ራሳችሁ ብትጽፉት የምትሳሳቱት እዚያው ነው።

8. መጠቀም ይፈቀድላችኋል?

ያገኛችሁት ፈንክሽን ከውጭ የማይጠራ ሊሆን ይችላል። አይሲዩ ከየፈንክሽኑ በላይ ባለው ማብራሪያ ላይ ምልክት ያደርጋል፦ «ስቴብል» የተባለው አይለወጥም፤ «ድራፍት» ገና አልጸናም፤ «ዴፕሪኬትድ» ሊወገድ ነው፤ «ኢንተርናል» የቤቱ ሰዎች ብቻ የሚጠቀሙበት ነው። ሲኢቱጄዲ ኢንተርናል ነው። በሚቀጥለው ስሪት ግብዓቱ ቢለወጥ ማንም ይቅርታ አይጠይቃችሁም።

ታዲያ ፍለጋው ከንቱ ነበር? አይደለም። አሁን ስሌቱን ስለምታውቁት በዋናው በር የሚገባውን መንገድ ያለ ጥርጣሬ መጠቀም ትችላላችሁ። በሲ ቋንቋ ዩካል ኦፕን በሚለው ፈንክሽን የአማርኛና የኢትዮጵያን መለያ ሰጥታችሁ፣ የቀን መቁጠሪያው ኢትዮፒክ እንዲሆን ትጠይቃላችሁ፤ በዩካል ሴትዴት ዓመት፣ ወርና ቀን ታስገባላችሁ፤ በዩካል ጌትሚሊስ ጊዜውን ትቀበላላችሁ። በዚህ ላይ የሰዓት ክልሉን አትርሱ። የእኛ እኩለ ሌሊት በዓለም አቀፉ ሰዓት ገና ያለፈው ቀን ምሽት ነው፤ ሦስት ሰዓት ይለያያል። ሰዓቱን ቀትር ላይ ብታደርጉት ቀኑ ወዲያና ወዲህ አይልም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ያገኛችሁት ፈንክሽን ልብስ ብቻ ይሆናል። ጤና ሚኒስቴር ለጤና መረጃ የሚገለገልበትን ዲኤችአይኤስ2ን የምታውቁ ትኖራላችሁ፤ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ፣ ኮዱ ክፍት የሆነ ሥርዓት ነው። እሱም የኢትዮጵያን አቆጣጠር የሚመለከት ክላስ አለው። ስትከፍቱት ግን ስሌቱ ውስጡ የለም፤ ጆዳ ታይም ከተባለ የጃቫ ላይብረሪ የተዋሰ ነው። እንዲህ ሲሆን ዋናውን ላይብረሪ መያዙ ይሻላል።

9. በራሳችሁ ቀኖች ፈትኑት

ከመጽሐፍ በሁለቱም አቆጣጠር የምታውቋቸውን ቀኖች አዘጋጁ። ለወሎ ሰው ከውጫሌ ውል የተሻለ መፈተኛ የለም፦ ሚያዝያ 25 ቀን 1881፣ በፈረንጁ ሜይ 2 ቀን 1889። ፈንክሽኑ 2411125 የሚለውን የጁልያን ቁጥር መስጠት አለበት። በእኛ ዘመን ሚያዝያ 25 የሚውለው ሜይ 3 ላይ ነው፤ የአንድ ቀን ልዩነት የመጣው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር 1900 ዓመት ፌብሩዋሪዋን ሳታራዝም ስላለፈች ነው። «ስምንት ዓመትና ይህን ያህል ቀን ደምር» በሚል ዘዴ የተሠሩ መቀየሪያዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን፣ ቀጥሎም መስከረም 1 ቀን 2016ን ጨምሩ። ከእነዚህ አንዱን የሳተ ኮድ ለቅሬ መዝገብ አይሆንም።

የሂጅራው ጉዳይ ይለያል። በዚያው ፎልደር ኢስላምካል የሚል ፋይል አለ፤ ስትከፍቱት የምታገኙት አንድ ስሌት አይደለም። ሲቪል የተባለው አለ፣ ኡሙል ቁራ አለ፣ ሌሎችም አሉ፤ ለአንድ ዕለት የተለያየ መልስ ሊሰጡ ይችላሉ። የትኛው ነው ትክክል? ለዚህ መልሱ ኮዱ ውስጥ የለም። ዒድ የሚውለው ጨረቃ በመታየቷ ነው። ስለዚህ ፈንክሽኑን ለግምት ተጠቀሙበት፤ በፕሮግራሙ ላይ ከዒዱ በፊትና በኋላ ያለውንም ቀን ለስብሰባ ዝጉት። የሚቀረውን የቅሬው ሽማግሌዎች ያውቁታል።

10. ቃልም ቁጥርም እንቢ ሲል

ሁሉም ኮድ እንደ አይሲዩ 5500 የሚል ምልክት አይተውላችሁም። ፕሮግራሙን ራሱን ክፈቱና የምትፈልጉትን ሥራ ሲሠራ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ወይም የስሕተት መልእክት ቅዱ። መልእክቱን በኮዱ ውስጥ ስትፈልጉ ብዙ ጊዜ የምታገኙት የትርጉም ፋይል ነው፤ ከመልእክቱ አጠገብ ያለውን መለያ ቁልፍ ወስዳችሁ እንደገና ፈልጉ። ሁለተኛው ፍለጋ ሥራው የሚሠራበትን ቦታ ያሳያችኋል። ከዚያ «ማን ይጠራዋል?» የሚለውን የኤዲተሩን መሣሪያ ተጠቀሙ። ከብዙ ፎልደር የሚጠራ ፈንክሽን አብዛኛውን ጊዜ ለሌላም የሚሆን መሣሪያ ነው፤ ከአንድ ቦታ ብቻ የሚጠራው ግን ለዚያ ቦታ የተሰፋ ነውና ለእናንተ ላይሆን ይችላል።

ታሪኩን ሙሉ ካወረዳችሁ «ጊት ሎግ» ከሰረዝ ትልቁ ኤስ ጋር አንድ ቃል ወይም ቁጥር የገባበትንና የወጣበትን ለውጥ ያወጣል። ከለውጡ ጋር የተጻፈው መልእክት ምክንያቱን ይነግራችኋል፤ አይሲዩ ላይ የጉዳዩ ቁጥርም አብሮ ስላለ ክርክሩን ተከትሎ ማንበብ ይቻላል።

አሁን ብዙዎች ፈንክሽን የሚጠይቁት ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ነው። ይጠይቁ፤ እኔም እጠይቃለሁ። ነገር ግን የሚሰጠው ስም አንዳንድ ጊዜ በኮዱ ውስጥ የሌለ፣ ቢኖር ጥሩ የነበረ ስም ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉና ስሙን በ«ጊት ግሬፕ» ሳትፈልጉ አንድ መስመር አትጻፉ።

11. ፈቃዱና የወር ስሞቹ

ስሌቱን ገልብጣችሁ ወደ ራሳችሁ ቋንቋ ልታመጡት ከፈለጋችሁ በሪፖዚተሪው መግቢያ ላይ ያለውን «ላይሰንስ» የሚል ፋይል አንብቡ። የአይሲዩ ፈቃድ ለጋስ ነው፤ ዋናው ግዴታ የባለቤትነትና የፈቃድ ማስታወቂያውን አብሮ መያዝ ነው። ጂፒኤል የተባለው ፈቃድ ካለበት ኮድ ከወሰዳችሁና ፕሮግራሙን ለሌላ ከሰጣችሁ ግን የእናንተም ኮድ በዚያው ፈቃድ መከፈት አለበት። በፋይላችሁ አናት ላይ ኮዱን ከየት፣ ከየትኛው ስሪት እንደወሰዳችሁት ጻፉ፤ ዋናው ሲታረም የእናንተንም የምታርሙት ይህ መስመር ካለ ነው።

የወር ስም አጻጻፍ ካላስደሰታችሁ ግን አይሲዩ ውስጥ አትንኩት። ስሞቹ የሚመጡት ሲኤልዲአር ከተባለው የዩኒኮድ የቋንቋ መረጃ ክምችት ነው፤ እሱ ደግሞ ሰርቬይ ቱል በተባለ ድረ ገጽ ከቋንቋው ተናጋሪዎች ሐሳብ ይቀበላል። ማስተካከያው እዚያ ከጸደቀ በሚቀጥሉት ስሪቶች ወደ አይሲዩ፣ ከአይሲዩም ወደ ስልኮቹ ይደርሳል።